ንስሩን የቀረጸው እጅ

አሞዞክ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1996

ለእህቴ ልጅ ለአርኑልፎ፣ ሎስ አንጀለስ

የእግዚአብሔር ሰላም አንተና ሚስትህ ማሪሴላ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻችሁም ባሉበት ቤት ይግባ። እኔ በሕይወት አለሁ። ሰባ አራት ሞላኝ። ጥርሴ አምስት ቀርቷል፤ መዶሻዬ ግን እንደ ድሮው ይመታል። ትምህርት ቤት የቆየሁት ሁለት ዓመት መሆኑን ታውቃለህና ፊደሌ ላይ አትሳቅ።

ለገና የላክኸው ወረቀት ደረሰኝ። የብረቱን ቅርጽ በጥላሸት ሞልተህ፣ ላዩን ጠርገህ፣ እርጥብ ወረቀት ተጭነህ አንሥተኸዋል። ይህን አልረሳህም፤ ጥሩ ነው። ግን የመኪና ፓራውልት ላይ ጽጌረዳ! አባቴ ልጓምና እርካብ ሲቀርጽ ፈረሱ ራሱ አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄድ ነበር። መኪና ምን ያውቃል? ጭቃ ነው የሚረጭበት።

ይሁን፤ ዘመኑ የናንተ ነው። የምጽፍልህ ለሌላ ነገር ነው። ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፌ ሦስት ቀን አየሁት። ይህን የቀረጸው አንተ አይደለህም። ያንተን እጅ እኔ ነኝ የሠራሁት፤ አውቀዋለሁ። ቅጠል ስትጠመዝዝ መቅረጫህን ሳታነሣ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሳለህ። ይሄኛው ሦስት ጊዜ ቆሞ ሦስት ጊዜ ጀምሯል። ማን ነው? ሰው ቀጥረህ ከሆነ አባረው። ባለማወቅ አይደለም ያበላሸው፤ ፈርቶ ነው የቀረጸው፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

የሚስቴን፣ የአክስትህን የኦቲሊያን መቃብር ለሙታን ቀን ነጭ ቀብቼዋለሁ።

ከወንበሩ ያልተነሣው አጎትህ
ኤልፒዲዮ


ሎስ አንጀለስ፣ ማርች 19 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ ለዶን ኤልፒዲዮ

ይህች ደብዳቤ በጤናና በሰላም ታግኝዎት። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ማሪሴላ እጅዎን ትስማለች። ትልቋ ልጅ ቁመቷ እናቷን በልጧል፤ ትንሿ የእርስዎን አፍንጫ ይዛ ነው ያደገችው፤ ስትቆጣ ደግሞ ቁርጥ እርስዎን ነች።

ሥራ ሞልቷል። ሩዲ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ከአሁኑ የበጋውን ትዕዛዝ መቀበል ጀምሯል። አጎቴ፣ እዚህ ሰዉ ከመኪናው ላይ የማያስቀርጸው ነገር የለም፤ ፓራውልቱን፣ ማርሚታውን፣ የጎማውን ኮፓ፣ የመቀመጫውን ብሎን ሳይቀር። ለውድድር ሲያቆሙት ከሥሩ መስታወት ያነጥፋሉ፤ የሆዱ ቅርጽ እንዲታይ ነው። ቢያዩት ይስቃሉ።

ስለ ጽጌረዳው የጻፉት ልክ ነው፤ የዲሴምበር ብርድ ነበር፤ መቅረጫውም አዲስ ነበር። ለሌላ አይስጉ። ካልሲና የማንበቢያ መነጽር ዕቃችንን በሚያመላልሰው በኔሜሲዮ መኪና ልኬያለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አያቴ ይቀርጹት የነበረው ንስር አንገቱ ላይ ላባው የሚዞረው ወደ ግራ ነበር ወደ ቀኝ?

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ
አርኑልፎ


አሞዞክ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1996

ለአርኑልፎ

ሰላምታዬ ለቤተሰቡ በሙሉ ይድረስ።

መነጽሩ የሴት ነው። ለጎረቤቴ ለፊሎሜና ሰጠኋት። በመካከላችን ባለው ግንብ ላይ አንገቷን አውጥታ «ዶን ኤልፒዲዮ፣ መዶሻዎ ዶሮዎቼን እንቁላል አስከለከላቸው» እያለች ስታደርቀኝ ስለነበር፣ እንቁላሉን ደህና አድርጋ እንድትፈልገው ብዬ ነው።

የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነበር። ብርድ አልክ። አሞዞክም ይበርዳል። አንተ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከተራራው በሚወርደው ብርድ፣ እዚህ አጠገቤ ስትቀርጽ እጅህ ቆሞ አያውቅም።

የንስሩ ላባ ወደ ግራ ነው የሚዞረው። ይህን አንተ ልትረሳው አትችልም። ይህን ከጠየቅኸኝ ሌላ የምትጠይቀኝ ነገር አለ ማለት ነው። ጠይቅ።

ኤልፒዲዮ


ሎስ አንጀለስ፣ ሜይ 2 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ

እንደምን ሰነበቱ? ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን የምትጽፈው ማሪሴላ ነች፤ እኔ ተቀምጬ እነግራታለሁ። ምክንያቱን እነሆ።

ቀኝ እጄ ሞቷል። ከመሐለኛው ጣት እስከ ትንሿ ድረስ ከኦክቶበር ጀምሮ አይሰማኝም። እዚህ በመዶሻ አይደለም የምንቀርጸው፤ መቅረጫውን አየር ነው የሚመታው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ክንዴን ሲያንዘፈዝፈው ኖረ። ሐኪሙ ዐይቶ «ነርቩ ነው፤ ተወው» አለኝ። መቅረጹን ተወው ማለቱ ነው። ያዩት ጽጌረዳ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ደግፌ የቀረጽሁት ነው። ፈርቶ የቀረጸው ሰው እኔ ነኝ።

ሩዲ አያውቅም። የምንኖርበት ሁለት ክፍል ከጋራዡ ጀርባ መሆኑን ነግሬዎታለሁ። ቤቱ ከቀራጩ ወንበር ጋር ነው የሚሰጠው። ከእኔ በፊት የነበረውን ቀራጭ ዐይኑ ሲደክም ሩዲ አልተቆጣውም፤ «ስትወጣ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ስቀልልኝ» ብቻ ነው ያለው። ሰውየው በሳምንቱ ከነልጆቹ ወጣ። እኔ የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ ሌላ ሙያም የለኝም። ወደ አገር ቤት ብመጣ ድንበሩን ተሻግሬ ተመልሼ አልገባም፤ ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው እዚህ ነው። እናቴን ያልቀበርኳት በዚህ ምክንያት መሆኑን ያውቃሉ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ላሎ የሚባል ደንበኛ አለ፤ የሞተር ሳይክል ክለብ አለቃ ነው፤ ሰውነቱ እንደ በር ነው። በሞተር ሳይክሉ የፍሪሲዮን ክዳን ላይ ንስር አዟል። ክዳኑን በኔሜሲዮ መኪና ብልክልዎት ቀርጸው ይመልሱልኛል? እስከዚያ እጄን አሳርፈዋለሁ። ምናልባት ይነቃል። አንዱን ብቻ።

አርኑልፎ


አሞዞክ፣ ሜይ 29 ቀን 1996

ለአርኑልፎ፣ ለማሪሴላም፤ ጽሕፈቷ ያምራል

እግዚአብሔር እጅህን ይማርልህ። ለኦቲሊያ ሻማ አብርቼ «አንቺ እዚያ አጠገቡ ነሽ፤ ንገሪው» ብያታለሁ።

ሞኝ ነህ። ከኦክቶበር እስከ ሜይ! ሰባት ወር ሙሉ ስትዋሸኝ። ለሌላ ሰው ብትዋሽ ግድ የለኝም።

መልሴን ሳትጠብቅ ክዳኑ መጣ። ኔሜሲዮ ሳጥኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ «ዶን ኤልፒዲዮ፣ መካኒክ ሆኑ እንዴ?» አለኝ። «አዎ፣ አንተን ልፈታ ነው» አልኩት። አሉሚኒየም ነው አሉ። ይሄም ብረት ተብሎ! እንደ አይብ መቅረጫዬ ላይ ይለጠፋል። በላምባ እያራስሁ፣ ዝፍት ላይ ተክዬ፣ ሞርሳ ውስጥ አስሬ አሥራ ሁለት ቀን ሠራሁት። ደረቱ ላይ ብቻ ሁለት መቶ ስድሳ ላባ አለው። ከፀጉር የቀጠነ። እንዲህ ያለ ንስር አባቴም አልቀረጸም፤ ይህን ስጽፍ ቤተ ክርስቲያን እንደምገባ ሰው ባርኔጣዬን አውልቄ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር። የግራ ዐይኔ ላይ ሞራ ወጥቷል፤ ቀኙም ጀምሮታል። ፑዌብላ ሐኪም ቤት አሳይቼ ለጁላይ 2 ቀጥረውኛል። መገፈፉ አንድ ቀን ነው አሉ። ከዚያ አንድ ወር ማጎንበስ የለ፣ መዶሻ የለ። እንደ ጡረተኛ አደባባይ ላይ ተቀምጬ ርግብ ልቆጥር ነው። እንድታውቀው ያህል ነው የነገርኩህ፤ አንተን አይመለከትህም።

ሥራውን ለባለ ሞተሩ ስጠው። ከእጅህ ላይ እንዳይጥለው ብቻ ተጠንቀቅ፤ ይቅርታ፣ ለቀልድ ነው።

አጎትህ
ኤልፒዲዮ


ሎስ አንጀለስ፣ ጁን 20 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታችን ይድረስዎ። ክዳኑ ሲደርስ በሩን ዘግቼ አለቀስሁ። ልጆቹ «አባዬ፣ ምን ሆንክ?» ሲሉኝ ንስሩን አሳየኋቸው። ትንሿ ላባውን በጥፍሯ ነካችና «ይጎረብጣል» አለች።

አጎቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። እርስዎ የሚያውቁት እንደተቀረጸ የሚቀርን ብረት ነው። እዚህ ቅርጹ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከቀራጩ እጅ ወጥቶ ወደ ወልዋዩ ይሄዳል፤ ወልዋዩ እንደ መስታወት እስኪያበራ በማሽን ይፍቀዋል፤ ከዚያ በክሮም ይለበጣል። ፍቂያውና ልባጡ ቀጭኑን ጭረት ሁሉ ይበላሉ። ስለዚህ እኛ በጥልቀት፣ አንዳንዴም አስቀያሚ እስኪመስል እንቀርጻለን።

ንስሩ ተለብጦ ሲመጣ ምንቃሩና ሁለት ጥፍሩ ብቻ ቀርተዋል። ሁለት መቶ ስድሳው ላባ የለም። ላሎ አንሥቶ ወደ ብርሃን አዞረውና «ሩዲ፣ እኔ ንስር ነው ያዘዝኩት፤ እናንተ ለሾርባ የተነጨ ዶሮ ሰጣችሁኝ» አለ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ሩዲ አልሳቀም፤ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ «ወልዋዩ አብዝቶ ፍቆት ነው» አልኩ። ወልዋዩ የስድስት ልጆች አባት ነው። ዛሬ ሦስት ቀኑ፤ አያነጋግረኝም።

ላሎ አንድ ዕድል ሰጥቶናል። ውድድሩ ኦገስት 18 ነው፤ ልባጡ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። አዲስ ክዳን ዛሬ ከኔሜሲዮ ጋር ይነሣል። የዐይንዎን ቀጠሮ አልረሳሁም። ጁላይ 2 መሆኑን አውቃለሁ። ምን እንደምልዎ አላውቅም፤ ክዳኑ ይደርስዎታል።

አርኑልፎ


አሞዞክ፣ ጁላይ 28 ቀን 1996

ለአርኑልፎ

ሰላም ለቤትህ። ለወልዋዩም ሰላምታ ስጥልኝ፤ ይቅርታ ጠይቀውና።

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስሁም። ልበላ የመጣው ሁሉ ዶሮ ይመስለኝ ነበር። ሰው አሥራ ሁለት ቀን የደከመበትን በማሽን የሚልስ ምን ዓይነት አገር ነው? ልጓም በቀረጽሁ በሃምሳ ዓመቱ ሰው አምጥቶ ሲያሳየኝ ጭረቱ እንዳለ ነው፤ ፈረሱ ሞቷል፣ ባለቤቱ ሞቷል፣ ቅጠሉ አልሞተም።

እሺ። በጥልቀት አልክ። ጉድጓድ ቆፍሬልሃለሁ። ትልቁን መዶሻ አውርጄ እንደ ድንጋይ ጠራቢ ነው የደበደብሁት። ፊሎሜና «ዶን ኤልፒዲዮ፣ ቤት እያፈረሱ ነው?» ብትለኝ «የእርስዎን ግንብ አስቀድሜያለሁ» አልኳት።

ጁላይ 2 አልሄድሁም። እንዴት እሄዳለሁ? ከሄድሁ ወር ሙሉ ማጎንበስ የለ። ሌላ ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ ኦክቶበር 8። ነርሷ በስልክ «አባባ፣ ይህ ነገር እየበሰለ ነው የሚሄደው፤ አይጠብቅዎትም» አለችኝ። «እኔም ማንንም አልጠበቅሁም» አልኳት።

አሁን መስመሩን በደንብ የማየው ጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮት በገባችበት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በአውራ ጣቴ ነው የምሄደው። አውራ ጣት አይዋሽም። የግራውን ክንፍ በጣቴ ብቻ ነው የጨረስሁት።

ሌላ አትላክ። እንግዲህ ግድ ከሆነብህ ግን ቀደም ብለህ ንገረኝ።

ኤልፒዲዮ


ሎስ አንጀለስ፣ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። አንደኛ ወጣን! ከሦስት መቶ በላይ ሞተር ሳይክል ነበር። ላሎ ዋንጫውን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ሩዲ ትከሻዬን ይዞ ለሰው ሁሉ «ይህ ነው እጁ! ይህ ነው እጁ!» እያለ አዞረኝ። ቀኝ እጄን ወደ ላይ አንሥቶ ነው ያሳያቸው። አጎቴ፣ ሲያነሣው አልተሰማኝም።

አንድ ነገር ላንሣ፣ አይቆጡ። የግራው ክንፍ ከጠርዙ ወጥቶ እስከ ብሎኑ ቀዳዳ ድረስ ሄዷል። እኔ ሳየው ደነገጥሁ። ላሎ ግን «ከክዳኑ ሊወጣ ሲል ነው የቀረጽከው! ሊያመልጥ ነው!» ብሎ ደስ አለው። አሁን ሁሉም እንደዚያ ዓይነት ነው የሚፈልጉት፤ ከጠርዝ የሚወጣ።

ሩዲ የማስተዋወቂያ ካርድ አሳትሟል። የእኔ ስምና የንስሩ ፎቶ አለበት። እስከሚቀጥለው በጋ ትዕዛዝ ተቀብሏል። ሳይጠይቀኝ ነው የተቀበለው፤ ቢጠይቀኝስ ምን እል ነበር? እጄ እንዳለ ነው። ሌሊት ማሪሴላ ጣቴን በመርፌ ትወጋኛለች፤ «አሁንስ?» ትለኛለች፤ «ትንሽ» እላታለሁ። ምንም የለም።

ሦስት ሳጥን ከኔሜሲዮ ጋር ይመጣል። አሥራ አንድ ዕቃ ነው። ለገና እንዲደርስ ሩዲ ቃል ገብቷል። ከኦክቶበር 8 በፊት ይሁን በኋላ እርስዎ ያውቃሉ። ይህን ሳስጽፍ አፍራለሁ።

አርኑልፎ


አሞዞክ፣ ኖቬምበር 10 ቀን 1996

ለአርኑልፎ

ለማሪሴላና ለልጆቹ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስ። ለአንተ በኋላ።

ኦክቶበር 8 አልሄድሁም። ሳጥኖቹ ኦክቶበር 4 ነው የደረሱት፤ ቤቴ ውስጥ ተደርድረው እያዩኝ እንዴት አባቴ ልሂድ? ነርሷ በስልክ «ሁለት ጊዜ ቀሩ፤ ሦስተኛ ቢቀሩ ቦታዎን ለሌላ ሰው እንሰጣለን» አለች። ስልኩ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ሰው ሁሉ ሰማኝ።

አሁን ጠዋትም አላይም። የቀኙ ዐይኔ በጭስ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ግራው ተዘግቷል። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በወፍራም ከሰል ነው፤ መስመሩ ወጥቶ ከሆነ ከጠርዝ የሚወጣ ነው በለው፤ ትወዱታላችሁ አይደል?

ስድስቱን ዕቃ ጨርሻለሁ። ሳልጨርስ እንዳልተኛ ራሴን ወንበሩ ላይ አስሬዋለሁ ማለት ይቻላል። ከዚያ ኔሜሲዮ መጣ። ካርዱን አወጣ። «የእህትዎን ልጅ አዩት? ትልቅ ሰው ሆኗል» አለኝ። ፀሐይ ላይ ወስጄ ከአፍንጫዬ አጣብቄ አየሁት። የአባቴ ንስር። ከሥሩ ያንተ ስም።

አርኑልፎ፣ ያንተን ቤት ለማዳን ብለህ ነው፤ አውቃለሁ። እኔም እሺ ብያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ግን ካርዱን ካየሁ በኋላ እጄ አልታዘዘኝም። አራት ቀን ሞርሳው አጠገብ ተቀመጥሁ። በአምስተኛው ቀን ሰባተኛውን ዕቃ፣ ያንን ሌላውን የፍሪሲዮን ክዳን፣ አነሣሁት። ንስር አልቀረጽሁበትም። መሐሉ ላይ «ኤልፒዲዮ፣ አሞዞክ» ብዬ ነው የቀረጽሁት። ፊደሉ ጣት ያህላል። እኔ ደህና አድርጌ መጻፍ የማውቀው እነዚህን ሁለት ቃላት ነው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ክዳኑ ብቻውን ያለበት ሳጥንም ደርሷል። ኔሜሲዮ ዛሬ ጠዋት ሄዷል። ከኋላው ልሮጥ አስቤ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ እስከ ጥግ ድረስ ሄጃለሁ። መኪናው የትኛው እንደሆነ አላየሁትም።

ክፉ ካደረግሁብህ እግዚአብሔር በመካከላችን ይፍረድ።

ኤልፒዲዮ


ሎስ አንጀለስ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ

እንዴት ነዎት? ዐይንዎ እንዴት ነው? አስቀድሜ ይህን ልጠይቅዎ፤ እስከ ዛሬ አስቀድሜ ጠይቄዎት አላውቅም።

ሳጥኑን የከፈተው ሩዲ ነው። እኔ ከወልዋዩ ጋር የሞተር ክዳን እያወረድሁ ነበር። ክዳኑን ይዞ መጣ። «ይህ ማነው?» አለኝ። አንድ ጊዜ ልዋሽ አፌን ከፈትሁ። «አጎቴ ነው» አልኩ። «ከሜይ ጀምሮ የሚቀርጸው እሱ ነው። የእኔ እጅ ሞቷል።»

ያባርረኛል ብዬ ነበር። አጎቴ፣ አላባረረኝም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና አሰበ። ከዚያ «ታዲያ ምን ችግር አለ?» አለኝ። «ሽማግሌው ይቅረጽ፤ ስሙ ያንተ ይሁን። ማን ያውቃል? ይህንን ፍቀውና መልሰህ ላከው።» የመወልወያ ማሽኑን ራሱ አስነሥቶ ክዳኑን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ቆምሁ። ማሽኑ ይዞራል። ወልዋዩ እያየኝ ነው። ሩዲ «ምን ትጠብቃለህ? አምስት ደቂቃ ነው» ይላል። ልፍቀው ነበር፤ አልደብቅዎትም፤ ልጆቹ ከግድግዳው ጀርባ የቤት ሥራቸውን ሲያነቡ ይሰማኝ ነበር። ማሽኑ ፊደሉን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው የሐኪም ቤቱን ቀን ቆጠርሁ። ጁላይ 2። ኦክቶበር 8። ሁለቱም ጊዜ በዐይንዎና በቀጠሮዎ መካከል የቆመው የእኔ ሳጥን ነው። ይህን ከፋቅሁ ስምንተኛውን አስቀርጽዎታለሁ፤ ከዚያ ዘጠነኛውን። እርስዎ ደግሞ በጣትዎም ቢሆን ይቀርጻሉ።

ማሽኑን አጠፋሁት። ክዳኑን በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቀልሁት።

አሁን የማሪሴላ እህት ቤት፣ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ነን፤ አራታችን በአንድ ፍራሽ። ሰኞ የምሄድበት ሥራ የለኝም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ይይዛሉ፤ ትልቋ ለሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። ክዳኑ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

አጎቴ፣ ከእንግዲህ አንድም ጭረት እንዳይቀርጹልኝ። የቀረውን ዕቃ ለኔሜሲዮ ይስጡት። ሐኪም ቤት ይሂዱ። ስለምን ይቅር እንደሚሉኝ አላውቅም፤ ዝርዝሩ ረጅም ነው።

አርኑልፎ


አሞዞክ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1997

ለእህቴ ልጅ ለአርኑልፎ

በአዲሱ ዓመት እግዚአብሔር በር ይክፈትልህ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ደብዳቤህን ማንበብ አምስት ቀን ፈጀብኝ። ቃል በቃል፣ በማጉያ መስታወት። የቀሩትን ዕቃዎች ለኔሜሲዮ መልሻለሁ፤ አራቱን ሳይቀረጹ፣ ስድስቱን ተቀርጸው። ለባለቤቶቻቸው ይድረሱ፤ ብረቱ ምን አጠፋ።

ልጅህን አትቆጣት። ዝም ማለት ይጠቅማል፤ እኔ እናትህን አንድ ጊዜ ሁለት ዓመት አላነጋገርኋትም፤ ስለምን እንደነበር ረስቼዋለሁ።

ትናንት ፑዌብላ ሄጄ ነበር። አውቶቡሱን ቁጥሩን እየጠየቅሁ ነው የያዝሁት። አንዱን ጎረምሳ «ይህ ስንት ቁጥር ነው?» ብለው «አባባ፣ ይህ የቆሻሻ መኪና ነው» አለኝ። ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ነርሷ የግራ ዐይኔ ላይ መብራት አብርታ አየችው፤ ሐኪሙን ጠራችው፤ እሱም አየው። የግራው አልፏል አሉኝ። ቆይቷል። ቀኙ ግን ይተርፋል፣ ከአሁን በላይ ካልዘገየ። የፊታችን ማክሰኞ ባዶ ቦታ አለ። በዚያ ካልሆነ እስከ ሜይ የለም፤ እስከ ሜይ ደግሞ እሱም እንደ ግራው ይሆናል አለ።

«ማክሰኞ እመጣለሁ» አልኩ።

«ከማን ጋር ነው የሚመጡት?» አለች ነርሷ።

«ከእግሬ ጋር።»

«አይሆንም አባባ። ዐይንዎ ታሽጎ ነው የሚወጡት። ከእርስዎ ጋር ውሎ፣ ፈርሞ፣ እቤትዎ የሚያስገባዎት ሰው ያስፈልጋል። ዘመድ የለዎትም?»

«የእህቴ ልጅ አለ።»

«ጥሩ። የት ነው?»

«ሎስ አንጀለስ።»

«ይምጣ እንግዲህ፣ አራት ቀን አለ።»

«ከመጣ አይመለስም። ልጆቹ እዚያ ናቸው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ፊቷን አላየሁትም፤ ድምፅዋ ግን ለሰለሰ። «እንግዲያስ ሌላ ሰው። ማንም ይሁን። ሰው ከሌለ ግን ሐኪሙ አይነካዎትም።»

«ይኖራል» አልኳትና ስሜን አስጻፍሁ። ዋሸኋት። አንተን ለውሸት ስቆጣህ ከረምሁ።

ከአውቶቡሱ ወርጄ ከአደባባዩ እስከ ቤቴ እያሰብሁ መጣሁ። በዚህ ከተማ ሰባ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ኦቲሊያ ከሞተች ወዲህ የማንንም ደጅ አንኳኩቼ አላውቅም። ጨው ሲያልቅብኝ ያለ ጨው በልቻለሁ። ታምሜ ስተኛ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ነው የተኛሁት፣ ሰው እንዳያየኝ። የደብሩን ጠባቂ ሌባ ብዬዋለሁ። ክርስትና ልጄን ለሠርጉ ልጓም ብሰጠው «ፈረስ የለኝም» ስላለኝ ከቤቴ አስወጥቼዋለሁ። ፊሎሜናን ታውቃታለህ፤ ግንቡ አለ። አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው። ያልዘጋሁት በር አላገኘሁም።

አንተ እዚያ በአንድ ፍራሽ አራት ሆናችሁ ተኝታችኋል። እኔ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ አንድ ፈራሚ አጣሁ። የትኛችን የተሻለ እንደሆነ ልጽፍልህ ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት።

ይቅርታ የምትለኝ ነገር የለም። እኔ ልበልህ ወይ ብዬ አስቤ ነበር፤ ማለት አላውቅበትም፤ እንዳልኩት ቁጠረው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጃኬቴን ለብሻለሁ፤ ጫማዬን ሁለት ጊዜ ጠርጌዋለሁ፣ ይጥራ አይጥራ አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ካሸግሁ በኋላ ፈራሚ ልለምን እወጣለሁ። በመጀመሪያው በር ምን እንደምል ስለማመድ ቆየሁ፤ «እንደምን አደራችሁ» የሚለው ላይ እየደረስሁ እቆማለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚያው ቆሜ እፈልገዋለሁ።

አጎትህ
ኤልፒዲዮ